በሁለት ኳስ ምራቂ የተያዘችው በቅሎ

ይድረስ ለእህቴ ለእድላዊት፣ ሐዋሳ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ፣ ያ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የሚውለው እግርሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የሐዋሳ ሙቀት ለመደሽ ወይስ ዛሬም ፊትሽን በነጠላ ጫፍ እያራገብሽ ነው? አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆችስ ደህና ናቸው? ያቺ በእንቅልፏ የምታወራዋ አሁንም ታወራለች? የምትናገረውን ጽፈሽ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፤ አልላክሽም፤ ይኸው ቅያሜዬን ከሰላምታዬ ጋር አብሬ ልኬያለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን አንድ ነገር ሊጎድልብን ነው፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። አባባ ናቸው ያዘዙኝ። «በስልክ ከሆነ ታስቃታለህ፤ ከሳቀች ይቅር ትልሃለች፤ ይቅር ካለችህ ደግሞ ያው የድሮው ባዘዘው ሆነህ ትቀራለህ። ቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል፤ ቁጭ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። አሁን እዚያ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብዕሬን ያያሉ። ማንበብ ባይችሉም ብዕር ሲቆም ያውቃሉ፤ ሲቆም ይስላሉ። አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ስሄድ «አንብብ» ይሉኛል። አነብባለሁ፤ የሚነበበውን።

ነገሩን ሳላዞር ልናገረው። በቅሎዋን አስይዤ ፑል ተጫወትኩ። አዎ፣ ወይዘሮን። ያንቺን ግማሽ።

በይ አሁን ተንፍሺ። እርግማኑን ለመጨረሻው ገጽ አቆዪልኝ፤ መሐል ላይ ከረገምሽኝ የቀረውን ደህና አድርገሽ አታነቢውም። ደግሞ የማላውቅ መስሎሽ ላስታውስህ እንዳትዪ፤ ያቺ ግማሽ በቅሎ ለምን እንደተገዛች አውቃለሁ። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሲነጉድ፣ አንቺ የሁለት ዓመት ቁጠባሽን ልከሽ «እሱ እንዳይሄድ እግር ግዙለት» ያልሽው እምዬ አሁን ድረስ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ስለዚህ ያስያዝኩት በቅሎ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል። የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። እኔ መቼ በሰዓቱ ገብቶኝ ያውቃል? ስምንተኛ ክፍል ደወል ሲደወል እንኳ አጥር ላይ ነበርኩ።

ወይዘሮ እንዴት እንዳለች ታውቂያለሽ፣ ግማሿ የኛ፣ ግማሿ የጋሽ ታፈረ። ሳምንት በሳምንት እንቀያየራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ይወስዳሉ ወይ እኛ እንወስዳለን። ሳምንቱ የደረሰው ወገን፣ ፈረንጅ ጭኖ አሸተን ማርያም ይወጣባታል፤ ፈረንጅ ከታጣም እህል ይጫንባታል። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ስለሳሳ ጭቅጭቁ ወፈረ። እኛ «በእናንተ ሳምንት ከሳች» እንላለን፤ እነሱ «በእናንተ ሳምንት አነከሰች» ይላሉ። እኔ ከጭቅጭቁ ይልቅ ነገሩ ገርሞኝ በገመድ ወገቧን ለካሁት፤ አራት ቅዳሜ ለካሁ። አንድ ነው። የሚከሳው ዓይናችን ነው።

የጋሽ ታፈረን ልጅ ደሳለን መቼም አልረሳሽውም፤ ያን ጊዜ ደብተርሽን ሊበደር በቀን ሦስቴ የሚመጣውን። አሁን አስጎብኚ ሆኗል፤ ጫማው ያበራል። በፑል ደግሞ ከዚህ እስከ ሙጃ የሚችለው የለም ይባላል። የምንጫወተው እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ቤት ነው። እሳቸው ቅዳሜ ገበያ እህል ይሸጣሉ፤ ሌላውን ቀን ከባለቤታቸው የቀረችላቸውን አንዲት የፑል ጠረጴዛ ይጠብቃሉ። ጨዋታውን ስለማታውቂው በአጭሩ ላስረዳሽ። እያንዳንዱ ሰው ሰባት ሰባት ኳስ አለው፤ በነጯ ኳስ እየመታ ሰባቱን ቀዳዳ ውስጥ ይከታል፤ ሰባቱ ካለቁለት በኋላ ጥቁሯን የከተተ አሸነፈ። በቃ። ዓለም ሁሉ ለዚህ ነው ሲጮህ የሚውለው።

አንድ ቀን ደሳለ አንዱን ከኮን የመጣ ሹፌር አንድም ኳስ ሳያስነካ ሲዘርረው እትዬ አመተ አዩ። «ኧረ መርቅለት እንጂ አንተ! እኔ ቁና ሙሉ ሰፍሬ እንኳ እፍኝ እመርቃለሁ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱው ለደካማው የሚተውለት ኳስ ስሙ ምራቂ ሆኖ ቀረ። «ስንት ትመርቅልኛለህ?» ሳይባል ማንም እንጨት አያነሳም። ሁለት ምራቂ ከተባለ ደካማው ገና ሲጀመር ከኳሶቹ ሁለቱን አንስቶ ወደ ጎን ያስቀምጣል፤ አምስቱን ብቻ ይጨርሳል።

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ስንት ቢመረቅልኝ ነው ልክ የሚሆነው? ኢያቄምን ጠየቅኩት፤ ያ ጓደኛዬ ጥርሱ የተሸረፈው። «ልክ ማለት እኔ የማሸንፍበት ነው» አለኝ። ደሳለን ጠየቅኩት። «ልክ ማለት ተሸናፊው የማያለቅስበት ነው» አለ። ሁለቱም አልጣመኝም። የጂኦግራፊ ደብተሬ ባዶ ገጹ ብዙ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እሱ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ከደሳለ ጋር ያለ ምራቂ አሥር ጊዜ ተጫወትኩ፣ አሥሩንም በላኝ። በአንድ ምራቂ ከአሥሩ ሁለት አሸነፍኩ። በሁለት ምራቂ አራት። በሦስት ሰባት። አየሽ እታለም፣ እውነተኛው ምራቂ በሁለትና በሦስት መካከል ተደብቋል። ግማሽ ኳስ ደግሞ ከየት ይመጣል? ኳስ እንደ ዳቦ አይቆረስ። ባቄላ ዘርግተሽ ሒሳብ ስታስተምሪኝ ግማሽ ባቄላ አምጥተሽ የጠየቅሽኝ ጊዜ ባቄላውን በልቼብሽ ነበር፤ አሁን ነው የቆጨኝ።

ከዚህ ሁሉ ቆጠራ መሐል ግን አንድ ጉድ አገኘሁ። ከኢያቄም ጋር እኩል ነን፤ እኩል ነው የማንችለው። አንድ ቀን ለመሞከር «ሁለት ምራቂዬን ገና ሲጀመር ከማነሳ መጨረሻ ላይ ላንሳ» አልኩት። ያው ሁለት ኳስ ነው ብሎ እሺ አለ። ያው አይደለም! አስቀድመሽ ስታነሺ የምታነሻቸው መልካሙንም ክፉውንም ነው፤ ገና ምኑም አይታወቅም። መጨረሻ ላይ ስታነሺ ግን የሚቀሩሽ ሁለቱ እነዚያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቀው አልወጣም ያሉት ናቸው። እነሱን ሳትነኪ ወደ ጥቁሯ ታልፊያለሽ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ የሌላውን መንገድ ይዘጉልሻል። ሁለቱንም ሃያ ሃያ ጊዜ ሞከርን። አስቀድሜ ሳነሳ አሥራ ሁለት አሸነፍኩ፤ መጨረሻ ሳነሳ አሥራ ስድስት። ደብተሩን ዘግቼ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ምን እንደማስብ አንቺ ታውቂያለሽ።

ግንቦት ዘጠኝ፣ ቅዳሜ፣ በቅሎዋን ከደሳለ ልረከብ ሄድኩና ያው ጭቅጭቅ ተጀመረ። ኮቴዋ ተሰነጠቀ፣ አልተሰነጠቀም። በመጨረሻ ደሳለ «ከዚህ ሁሉ ለምን አንጫወትባትም? ያሸነፈ ሙሉዋን ይውሰድ፤ ወሬውም ይለቅ» አለኝ። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን «ስንት ትመርቅልኛለህ?» አልኩ። ቀልዱ እዚያ ላይ ሞተ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ለእድላዊት ስል ሦስት ባደርግልህ ሰው ያማኛል፤ ሁለት ይበቃሃል» አለ። ተጨባበጥን። መቼ የሚነሱ ሁለት እንደሆኑ እኔ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልተናገረም።

ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱን ኳሶቼን ሳላነሳ ዝም ብዬ መምታት ጀመርኩ። ደሳለ አየኝ። ረስቶታል ብሎ በሆዱ ሲስቅ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አየሁት፤ አላስታወሰኝም። ስለዚህ እታለም፣ ሌባ ነህ ከማለትሽ በፊት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሌባው አንድ እንዳልነበር ያዢልኝ። እሱ ሰባቱን ጨርሶ ጥቁሯ ቀረችው፤ መታት፣ ሳተ። እኔ ሁለት ቀሩኝ፤ ሁለቱም ጠርዝ ላይ የተጣበቁ። በእጄ አነሳኋቸውና «እነዚህ ምራቂዎቼ ናቸው» አልኩ።

ቤቱ ተናጋ። ደሳለ «ምራቂ አስቀድሞ ነው የሚነሳው! ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል?» ብሎ ጮኸ። ኢያቄም ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ነገሩ ወደ እትዬ አመተ ሄደ። እሳቸው ከገበያ ገና መግባታቸው ነው፤ ቁናቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ «አስቀድሞ ማንሳት የእናንተ የስንፍና ልማድ ነው። ቁናው ሳይሞላ የሚመርቅ ሻጭ በየትኛው ገበያ አያችሁ? ምራቂ ከስፍር በኋላ ነው» አሉ። ደሳለ ሊናገር አፉን ሲከፍት ደግሞ «አንተስ ሳያነሳ ሲጀምር ዓይንህ የት ነበር? ዝምታህን ማን ይመርቅልህ?» አሉት። ሳቁ ሲበርድ ጥቁሯን መታሁ። ገባች።

ወይዘሮ ሙሉዋ የኛ ሆነች። ሳምንቱም የኛ ስለነበር አባባ ምንም አላወቁ፤ እኔም አልተነፈስኩም። ደሳለ ገመዷን ሲያቀብለኝ አልተሳደበም። «ቀድመህ ታውቅ ነበር?» ብቻ አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ እንደ ጎመን ዘር ጥርሴ ውስጥ ተሰክታ ዋለች። ጸጸት እንዳይመስልሽ፤ አባባ ይህን ሳነብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፣ ጸጸት መስሏቸዋል። እኔን ያሳከከኝ ሌላ ነው። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ወይስ «ምራቂ» የምትለዋ ቃል? በልኩ ብንጫወት ማን ይበላ ነበር? ይህን ሳላውቅ በቅሎ መሳብ አስጠላኝ።

ማክሰኞ ዕለት ደብተሬን ይዤ ደሳለ ዘንድ ሄድኩና ሁሉን አሳየሁት። አሥር ከአሥሩን፣ ሃያውን፣ አሥራ ስድስቱን። ሊመታኝ ነው ብዬ በሩን በዓይኔ ይዤ ነበር። እሱ ግን ገጹን ደጋግሞ አየውና «ታዲያ ግማሿ ኳስ የት አለች?» አለኝ። እታለም፣ ያን ጊዜ ነው የወደድኩት። ተቀምጠን አሰብን። ከሰዓት በኋላ እሱ አገኛት። «መክፈቻው ነው! ኳሶቹን መጀመሪያ የሚበትን ሰው ትንሽ ይቀድማል፤ አንድ ኳስ ግን አይሞላም። ሁለት አስቀድመህ አንሳ፤ መክፈቻውም ሁልጊዜ ያንተ ይሁን» አለ። አሥር ጊዜ ሞከርን፣ እንዲሁ በከንቱ፣ ምንም ሳይያዝ። አምስት እሱ፣ አምስት እኔ። እንደ ሕፃን ዘለልን። ልክ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ከበር ገብቶ ከየትኛው ወገን ልቁም ብሎ የሚቸገርበት።

እዚህ ላይ ተነስቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ግን በከንቱ መጫወትና አስይዞ መጫወት እጅ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እሱንም ማወቅ አማረኝ። «ቅዳሜ በልኩ እንጫወትባት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ እኔም በራሴ አሳጠርኩ። ግንቦት አሥራ ስድስት ከሰዓት ገጠምን። ሁለት አነሳሁ፤ ከፈትኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ጥቁሯ ብቻ ቀረችኝ፤ እሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ተንጠልጥላ፤ እፍ ቢሏት የምትገባ። እፍ ማለት ሲገባኝ በክንዴ ሙሉ መታኋት። ገባች። ነጯም እንደ ትንሿ እህታችን እንደ ሰርክአዲስ ሰው የሄደበት ካልሄድኩ ብላ ተከትላት ገባች። ነጯ ከጥቁሯ ጋር ከገባች ደግሞ ተሸናፊው መቺው ነው። ደሳለ እንኳ «ውይ» ነው ያለው።

ቅዳሜ የነሱ መረከቢያ ስለሆነ በቅሎዋ ስትሄድ በቤታችን ማንም ዞር ብሎ አላየም። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ግን ጋሽ ታፈረ በቅሎዋን እየሳቡ ደጃችን መጡ። ደሳለ ነግሯቸዋል። ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ጫማው አቧራ ነበር። «ወንድሜ፣ በልጆች ጨዋታ የመጣ ከብት እኔ ደጅ አይታሰርም፤ ግማሽህን ተረከብ» አሉ። አባባ ጉዳዩን እዚያው ቆመው ሰሙ። እኔን አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ያን አስተያየት አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ይቃጠላል። ከዚያ «የኔ ልጅ ቃል ሰጥቶ ከተሸነፈ በቅሎዋ ያንተ ናት፤ እኔ የልጄን ቃል አልበላም» አሉ። ጋሽ ታፈረ «ውሰድ!» አባባ «አልወስድም!» ገመዷ ከእጅ ወደ እጅ ሄዳ መሬት ላይ ወደቀች። ቅዳሜ ሁለታችንም ሙሉዋን ስንመኛት የነበረች በቅሎ፣ እሑድ የሚፈልጋት ጠፋ። ወይዘሮ መሐል ቆማ የእምዬን ጎመን ትበላለች።

በመጨረሻ እምዬ ከውስጥ «ሁለታችሁም የማን በቅሎ ነው የምትሰጣጡት? ባለቤቷ ሐዋሳ አይደለችም ወይ?» አለች። ፍርዱ ላንቺ የመጣው እንደዚህ ነው። ግማሼ ይመለስ ካልሽ እንደ ድሮው በሳምንት እንቀያየራለን። ቃሉ ይጽና ካልሽ ደግሞ ወይዘሮ የነጋሽ ታፈረ ናት። እስከዚያ ከሁለቱ ቤት መሐል ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ታስራለች፤ ሣርና ውኃ ጠዋት ደሳለ፣ ማታ እኔ እናመጣለን፤ ማንም አይጭንባትም። ደሳለ «እድላዊት ከፈረደች ይግባኝ የለም» ብሏል። አንቺም ለእኔ ብለሽ አትመርቂልኝ። በስፍሩ ፍረጂ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፤ ለአባባ አላነብላቸውም። ቅዳሜ ከተሸነፍኩ በኋላ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባሁም። ኢያቄም የሚያውቀው ደላላ አለ፤ ረቡዕ በወልድያ በኩል ሰው ያወጣል። ኢያቄም አልሄድም አለ፤ እኔ ግን ሁለት ልብስና ኩታዬን በዱቄት ከረጢት ጠቅልዬ ከበረቱ ጣሪያ ሥር ሰክቻለሁ። በቅሎዋ ከሌለች እዚህ ምን አለኝ ብዬ ነው። እሱንም ዓረብ አገር ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው ልልሽ ነበር፤ ውሸት ነው። አንቺን በዓይኔ ላለማየት ነው።

እታለም፣ ይህን ጽፌ ስጨርስ አባባ «አንብብ» አሉኝ። ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት መስመር ፈጥሬ አነበብኩላቸው። ጥሩ አድርጌ ነው የፈጠርኩት፤ በረዶ እንኳ ጨምሬበታለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ለዝናብ ይህን ያህል አትጽፍም። የዘለልከውን አንብብ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። አልተቆጡም። ተነስተው ወጡ፤ ከበረቱ ያን ከረጢት ይዘው ተመለሱ፣ ፈቱት፣ ኩታዬን አራግፈው ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ ከዚያ ቦታቸው ተቀመጡ። «አሁን እኔ የምልህን ጻፍ፤ ምንም አትጨምር፣ ምንም አታጉድል» አሉ። የሚከተለው የሳቸው ቃል ነው።

«ልጄ እድላዊት፣ እንደምን አለሽልኝ። በቅሎዋን የወደድሽውን አድርጊ፤ ያንቺ ላብ ናት። ልጁ ግን አልተያዘም፤ እሱን ማንም አይበላውም። በቅሎዋ ብትሄድም እሱ አይሄድም። አባትሽ ነኝ።»

እምዬ ዓይኖችሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ ጎመኑን በቅሎ እንደበላው እንድጽፍ አጥብቃ አሳስባኛለች። ሰርክአዲስ ሰላም ትልሻለች፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች፤ አንደኛዋን ልጅ ስንት ምራቂ ልጠይቃት እያለች ታሾፍብኛለች። ጋሽ ታፈረ ከነቤተሰባቸው እንደምን ነሽ ብለዋል። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ስትመጪ ጠረጴዛዋን አሳይሻለሁ ብለዋል። ኢያቄም በተሸረፈ ጥርሱ ሰላም ይልሻል። ደሳለም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ለምን ሁለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አንቺ ታውቂ ይሆናል። አብረውሽ ላሉት ልጆች፣ ለሁለቱም፣ ሰላምታዬን አካፍያቸው፤ ለዚያች በእንቅልፏ ለምታወራዋ ትንሽ አብዢላት።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ባዘዘው

ላሊበላ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.